ለአንድ ሰው፣ ሁለት ትራስ

እ.ኤ.አ. በ1915 ኒኮላ ቴስላ የሆቴል ዕዳውን በማማ ከፈለ። ቀልድ አይደለም። ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረትን ለዓለም ካዳረሱት ሰዎች ግንባር ቀደሙ በኒው ዮርኩ ዋልዶርፍ አስቶሪያ ለዓመታት ብቻውን ሲኖር የተጠራቀመበት ሒሳብ ሃያ ሺህ ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። እጁ ላይ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ሎንግ አይላንድ ላይ፣ ያለ ሽቦ መልእክትና ኃይል አስተላልፍበታለሁ ብሎ ያቆመውን የዋርደንክሊፍ ማማ ከነመሬቱ ለሆቴሉ አስረከበ። ማማው ከሁለት ዓመት በኋላ ፈረሰ።

ቴስላ ሚስት አላገባም፣ ቤትም አልሠራም። ከዋልዶርፍ ከወጣ በኋላ ከሆቴል ሆቴል ሲዛወር ቆይቶ በ1934 ኒው ዮርከር ሆቴል ገባ። 33ኛ ፎቅ፣ ክፍል ቁጥር 3327፤ ለሦስት ሲካፈል ቀሪ የሌለው ቁጥር ነው፣ ሰውየውም በሦስት የሚካፈል ነገር ይወድ ነበር። ኪራዩን የሚከፍልለት የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ነው። የሚያስቀው ሌላ ነገር አለ። ሆቴሉ በ1930 ሲከፈት ምድር ቤቱ ውስጥ የራሱን ትልቅ የኃይል ማመንጫ ተክሎ ነበር፤ የሚያመነጨው ግን ቀጥተኛ ጅረት ነው፣ ቴስላ በጎልማሳነቱ ታግሎ ያሸነፈውን የኤዲሰንን ዓይነት። የተለዋዋጭ ጅረት ጀግና የመጨረሻ ዓመታቱን ያሳለፈው በባላንጣው መብራት ነው።

ብቻውን ትልቅ ሆቴል የሚያርፍ ሰው የሚፈልጋቸው ሁለት ነገሮች እርስ በርስ አይስማሙም። ማንም እንዳይደርስበት ይፈልጋል፤ ማንም እንዳይረሳውም ይፈልጋል። ከፍ ያለ ሆቴል ከዕብነ በረዱና ከወፍራም ፎጣው ይልቅ የሚሸጠው ይህንን ሚዛን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ኒው ዮርክ ሚዛኑን ስትፈልግ ከመቶ ዓመት በላይ ስለቆየች ነገሩን እዚያው ከተማ ላይ ሆኖ መመልከት ይሻላል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴስላ ወንድ ስለነበር ብቻውን መኖሩ የሊቅ ጠባይ ተብሎ ታለፈለት። በዚያው ዘመን ሻንጣዋን ይዛ አመሻሽ ላይ እንግዳ መቀበያው ፊት የቆመች ሴት ግን በብዙ ታዋቂ ሆቴሎች “አልጋ የለም” ትባል ነበር። ለሥራ መጥታ ይሆናል፣ ዘመድ ልትጠይቅ ይሆናል ብሎ የሚያስብላት አልነበረም። የሚታሰበው ሌላ ነው።

ምግብ ቤቱም ያው ነበር። በ1907 ሃሪየት ስታንተን ብላች ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ወደ ሆፍማን ሃውስ ሆቴል ሰገነት ራት ልትበላ ወጣች። ብላች የዋዛ ሰው አይደለችም፤ የሴቶችን የመምረጥ መብት ትግል ከመሠረቱት አንዷ የኤልዛቤት ኬዲ ስታንተን ልጅ ናት፣ ራሷም ያው ታጋይ። አስተናጋጆቹ ግን ወንድ አብሯችሁ ስለሌለ አናስተናግድም አሏቸው። ከሰሰች፤ ተረታች። ዳኝነቱ ለሆቴሉ አደላ።

ከዚያ በፊት መላ ለመፍጠር የሞከሩ ነበሩ። ሀብታሙ ነጋዴ አሌክሳንደር ስቱዋርት ለሠራተኛ ሴቶች ብሎ ያስጀመረው ግዙፍ ሆቴል እሱ ከሞተ በኋላ በ1878 ተከፈተ። ዋጋው ለሠራተኛ ከበደ፣ ደንቡ ደግሞ ከዋጋው ባሰ፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ተዘጋና ወንድ ሴት ሳይል ለሁሉም የሚያከራይ ሆቴል ሆነ። የተሳካው በ1903 በ29ኛው ጎዳና ላይ የተከፈተው የሴቶች ብቻ ሆቴል ማርታ ዋሽንግተን ነው። ከእሱም በላይ ስሙ የገነነው በ1928 በ63ኛው ጎዳና ሥራ የጀመረው ባርቢዞን ነው።

ባርቢዞን 23 ፎቅና ወደ 700 የሚጠጉ ጠባብ ክፍሎች ነበሩት። ለመግባት ስለ ጠባይዋ የሚመሰክሩ የሦስት ሰዎች ደብዳቤ ይጠየቃል። ወንድ ከምድር ቤቱ አልፎ ወደ ላይ አይወጣም፤ አባት ሆነ እጮኛ ሊፍቱ ጋ ይቆማል። ዛሬ ሲነገር እስር ቤት ይመስላል፣ ለብዙ ልጃገረዶች ግን ነፃነት ማለት ያ በር ነበር። ከትንሽ ከተማ የመጣች ልጅ ኒው ዮርክ ሄጄ ሥራ ልፈልግ ስትል ወላጆቿን የምታሳምነው ባርቢዞን አርፋለሁ ብላ ነው። ኋላ የሞናኮ ልዕልት የሆነችው ግሬስ ኬሊ እዚያ ኖራለች። ደራሲዋ ሲልቪያ ፕላት በ1953 ለአንድ መጽሔት በእንግዳ አዘጋጅነት ስትሠራ ያረፈችው እዚያ ነው፤ በልቦለዷም ስሙን ለውጣ አስገብታዋለች። ሆቴሉ ለወንዶች ማከራየት የጀመረው በ1981 ነው። ያን ጊዜ ሴቶቹ የትም ማደር ችለው ነበርና በሩን መጠበቅ ትርፍ አልነበረውም።

የትም ማደር እንዲሁ አልመጣም። የፕላዛ ሆቴል የኦክ ሩም ምግብ ቤት በምሳ ሰዓት ለወንዶች ብቻ ነበር፤ ነጋዴዎች ስለ ገንዘብ የሚያወሩበት ሰዓት ነው ተብሎ። በየካቲት 1969 የሴቶች መብት ታጋይዋ ቤቲ ፍሪዳንና ጓዶቿ ገብተው ተቀመጡ። አስተናጋጆቹ አልታዘዝ ከማለት አልፈው ጠረጴዛውን ከፊታቸው አንስተው ሄዱ። ሴቶቹ ባዶውን ቦታ ከብበው እንደተቀመጡ ቀሩ፣ ደንቡም ከወራት በኋላ ተነሣ። በ1970 ደግሞ ከተማይቱ ሰው በሚስተናገድበት ሥፍራ በጾታ መለየትን በሕግ ከለከለች።

ዛሬ ብቻሽን ነሽ ብሎ የሚመልስ የለም። የቀረው ዋጋው ነው።

ሆቴል የሚያከራየው ክፍል ነው፤ ሰው አይቆጥርም። አንሶላው አንድ ሰውም ተኛበት ሁለት ይታጠባል፣ ክፍሉ ይጸዳል፣ መብራቱና ማሞቂያው ይሠራል። ስለዚህ ብቻውን የሚያድር ሰው ሰፊውን አልጋ፣ ሁለቱን ትራስና ሁለቱን የመታጠቢያ ካባ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ግማሹን ይጠቀማል። የቆዩ የአውሮፓ ሆቴሎች ጣሪያው ሥር ወይም ኮሪደሩ ጥግ ላይ ለአንድ ሰው የተሠራች ጠባብ ክፍል በቅናሽ ሊያከራዩ ይችላሉ። በማንሃተን እንዲህ ያለ ነገር በታላላቆቹ ሆቴሎች እምብዛም አይገኝም። በቡድን የሚጓዝ ሰውም ቢሆን የተነገረው ዋጋ ለሁለት ሰው በአንድ ክፍል ታስቦ ስለሚሆን፣ ለብቻዬ ልደር ካለ ጭማሪ ይጠየቃል። ብልህ ተጓዥ ቁርስን ያካተተ ዋጋ ሲቀርብለት ቁርሱ የስንት ሰው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ለሁለት ሰው ከሆነ ያለ ቁርስ ተከራይቶ ጥግ ላይ ያለች ካፌ መግባት ያዋጣዋል።

ከዚያ ግብሩ አለ። በኒው ዮርክ ከተማ በሆቴል ክፍል ላይ የሚጨመረው ግብር 14.75 በመቶ ሲሆን በየሌሊቱ ደግሞ 3.50 ዶላር ይታከላል። 300 ዶላር የተባለ ክፍል 347.75 ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሆቴሎች በዚህ ላይ “የመዳረሻ ክፍያ” የሚሉትን ይደርባሉ፤ ለኢንተርኔት፣ ለስፖርት ክፍል፣ አንዳንዴም እንግዳው ለማይነካው የመጠጥ ቅናሽ ነው ይላሉ። ይህ ገንዘብ ለዓመታት የሚታየው መጨረሻ ላይ፣ በካርድ ሊከፈል ሲል ነበር። ከግንቦት 2025 ጀምሮ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ደንብ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያን ሁሉ ከመጀመሪያው በሚያሳዩት ዋጋ ውስጥ እንዲደምሩ ያስገድዳል። ክፍያው አልቀረም፤ መደበቁ ነው የቀረው። የመንግሥት ግብር ግን አሁንም ለብቻው ኋላ ሊመጣ ይችላል።

ከኢትዮጵያ የሚሄድ ሰው ይበልጥ የሚደናገረው ግን በመያዣው ነው። ክፍሉ አስቀድሞ የተከፈለ ቢሆንም እንግዳ መቀበያው ካርድ ይጠይቃል፤ እንግዳው ለሚበላው፣ ለሚጠጣውና ለሚሰብረው ተብሎ በየሌሊቱ የተወሰነ ገንዘብ ይታገዳል። ገንዘቡ አልተወሰደም፣ ግን አይንቀሳቀስም። በብድር ካርድ ከሆነ እንግዳው ብዙም አይሰማውም። ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ በሚቆርጥ ካርድ ከሆነ ግን የታገደው የራሱ የስንቅ ገንዘብ ነው፣ ከሆቴሉ ከወጣ በኋላም እስኪለቀቅ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ጥሬ ዶላር ይዞ የሚሄደውን ደግሞ አንዳንዱ ሆቴል ከፍ ያለ ማስያዣ ያስቆጥረዋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይቀበለውም። ከወዳጅ ጋር የተጓዘ ሰው በሁለት ካርድ ይተጋገዛል። ብቻውን የሆነ ሰው ከመነሣቱ በፊት ስልክ ደውሎ የሚታገደውን መጠን ቢጠይቅ የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ ይወስደዋል።

ቁልፉ በሚሰጥበት ጊዜ ልብ የሚባል ነገር አለ። በደንብ የሠለጠነ ተቀባይ የክፍሉን ቁጥር በአፉ አይጠራም። ካርዱ በሚገባበት ትንሽ ወረቀት ላይ ጽፎ በጣቱ ያሳያል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ማን የት እንደሚያድር ማወቅ የለበትም። ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ከተጠራ ሌላ ክፍል ይሰጠኝ ማለት ነውር የለበትም።

የካርዱ ቁልፍ ራሱ ታሪክ አለው። በኅዳር 1974 ታዋቂዋ ዘፋኝ ኮኒ ፍራንሲስ ከኒው ዮርክ ወጣ ብላ ስትዘፍን ሰንብታ ብቻዋን ባደረችበት ሆቴል አንድ ሰው ገብቶ በጩቤ አስፈራርቶ ደፈራት። በሩ በቅጡ የሚቆለፍ አልነበረም። ሆቴሉን ከሰሰች፣ በ1976ም ዳኞች 2.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረዱላት። የጥቃቱ ወሬ ኖርዌይ ደርሶ ቶር ሶርነስ የተባለ የቁልፍ ሠራተኛ ዘንድ ገባ። የብረት ቁልፍ ክፍሉን የተከራየ ሰው ሁሉ አስቀርጾ ሊመለስበት የሚችል ነገር ነው፤ ሶርነስ ለእያንዳንዱ እንግዳ የሚለወጥ ቁልፍ አሰበ። የሠራው ካርድ 32 ቀዳዳ የሚበሳበት ፕላስቲክ ነበር፣ የተበሳና ያልተበሳው ሲሰባጠር ከአራት ቢሊዮን በላይ የተለያየ ቁልፍ ይወጣዋል። ያኔ በምድር ላይ ለነበረ ሰው ሁሉ አንዳንድ እንደማለት ነው። ዛሬ ቀዳዳው በማግኔትና በቺፕ ተተክቷል፣ በብዙ ሆቴሎችም ስልክ ራሱ በር ይከፍታል። ሐሳቡ ግን የእሱ ነው፤ ትናንት እዚያ ያደረው ሰው ካርድ ዛሬ አይሠራም።

ከውስጥ የሚዘጋውን መወርወሪያ መርሳት አይገባም፤ እሱ ዛሬም ብረት ነው። ጥገና ነኝ ብሎ ያንኳኳን ሰው በቀዳዳው አይቶ፣ ስልክ አንስቶ እንግዳ መቀበያውን “የላካችሁት ሰው አለ?” ብሎ መጠየቅም ፍርሃት አይባልም። ሆቴሎቹ ራሳቸው ይህንኑ ይመክራሉ።

አሁን ምግብ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ሰምቶ ያደገ ሰው በአንድ ነጭ ጨርቅ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ፊት፣ ሌላው ወንበር ባዶ ሆኖ፣ አስተናጋጁም “ሌላ ሰው ይመጣል?” ብሎ ሁለተኛውን ብርጭቆ ሲያነሣ የሚሰማው ነገር ለፈረንጅ ላይገባው ይችላል። በእኛ ዘንድ በገንዘብ ሆቴል ገብቶ መብላት ራሱ የተለመደው ትናንት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴል ሲከፍቱ ከፍሎ መብላት ነውር ሆኖ ሰው አልመጣ ስላለ፣ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄደው በልተው በመክፈል አስለመዱት ተብሎ ይተረካል። እዚያም ቢሆን ንጉሡ ብቻቸውን አልሄዱም።

ብዙ የሚጓዙ ሰዎች ያገኙት መላ ባንኮኒው ነው። በማንሃተን በብዙ ጥሩ ምግብ ቤቶች ሙሉው የምግብ ዝርዝር ባንኮኒው ላይም ይቀርባል፣ ያለ ቀጠሮም ለአንድ ሰው ወንበር አይጠፋም። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚቀመጥ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት አይታይም። ማውራት የፈለገ ያወራል፤ ያልፈለገ ሳህኑን ያያል።

ወደ ክፍል የሚመጣው ምግብ ደግሞ በስም እንጂ በዋጋ የሚያጽናና አይደለም። ከምግቡ ዋጋ ሌላ የማድረሻ ክፍያ፣ አብዛኛውን ጊዜ 18 ወይም 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያ ላይ ግብር አለ። ከሁሉ በታች ደግሞ “ጉርሻ” የሚል ባዶ መሥመር ይቀራል፣ እዚያ ላይ የሚጽፍ እንግዳ ሳያውቀው ሁለት ጊዜ አጎረሰ። ሆቴሎቹም ቢሆኑ አናተርፍበትም ይላሉ። ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጉ ክፍሎች ያሉት ኒው ዮርክ ሂልተን ሚድታውን በ2013 ምግብ ወደ ክፍል ማመላለሱን ትቶ ምድር ቤቱ ላይ ገዝተው የሚወጡበት ሱቅ ከፈተ። በክፍሉ ካለችው ትንሽ ማቀዝቀዣም መጠንቀቅ ይገባል፤ በአንዳንድ ሆቴሎች ጠርሙሱ ከቦታው ሲነሣ ሒሳቡ በራሱ ይመዘገባል፣ ለውዙን አንሥቶ አይቶ መመለስ እንኳ ያስከፍላል።

ብቻ መሆን የሚያተርፍበት ቦታም አለ። በኮቱ ክሳድ ላይ የተሻገሩ ሁለት የወርቅ ቁልፎች የሰካ ሰው ሎቢው ውስጥ ከታየ የኮንሲየርዦች ማኅበር አባል ነው፤ ማኅበሩ መነሻው በ1929 ፓሪስ ነው። የኮንሲየርዡ ሥራ ለእንግዳው የማይገኘውን ማግኘት ነው። ሁለት ጎን ለጎን ወንበር አልቋል በተባለበት የብሮድዌይ ቲያትር አንዲት ነጠላ ወንበር መሐል ላይ ቀርታ ልትገኝ ትችላለች። ምግብ ቤቱም እንደዚያው። ለአንድ ሰው ብሎ ሲደውል መልሱ ይለወጣል።

ወደ ክፍሉ ሲመለሱ እጀታው ላይ የሚንጠለጠለው “አትረብሹ” የሚለው ካርድ ይጠብቃል። ብቻውን የሆነ እንግዳ ከሁሉ የሚወደው እሱን ነው፣ ከሁሉም ሊያስብበት የሚገባው እሱ ነው። ቴስላ በጥር 1943 መጀመሪያ ካርዱን በሩ ላይ ሰቀለ። ማንም አልገባም። ከቀናት በኋላ አንዲት የክፍል ጽዳት ሠራተኛ ካርዱን ችላ ብላ ስትገባ ሞቶ አገኘችው፤ 86 ዓመቱ ነበር።

ያ ካርድ ለረጅም ጊዜ እንደ ሕግ ሲከበር ኖረ። በጥቅምት 2017 ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ሰው ከሆቴል ክፍሉ መስኮት ሕዝብ ላይ ተኩሶ በርካታ ሰው ከገደለ በኋላ ግን ታላላቅ ሆቴሎች ደንባቸውን ለወጡ። ሂልተን ካርዱ ከ24 ሰዓት በላይ ሳይነሣ ከቆየ ሠራተኛው ለኃላፊ እንዲያሳውቅ አዘዘ። ዲዝኒ በአንዳንድ ሆቴሎቹ ቃሉን ራሱ ቀይሮ “ክፍሉ ተይዟል” የሚል ሰቀለ። ደንቡ የወጣው ወንጀለኛን ለመያዝ ነው፣ ታሞ የወደቀውን ብቸኛ እንግዳ ግን በዚያው ያገኘዋል። በሁለተኛው ቀን ተንኳክቶበት የሚቆጣ ሰው ይህን ቢያውቅ ይበርድለታል።

በዚያ ኮሪደር ላይ ብቻዋን ያለች ሌላም ሰው አለች። የጽዳት ሠራተኛዋ በቀን ከአሥር በላይ ክፍል ስታዳርስ በር ዘግቶ ሊቆይ ከሚችል የማታውቀው ሰው ጋር የምትገናኘው ብቻዋን ነው። የኒው ዮርክ ሆቴል ሠራተኞች ማኅበር በ2012 ባደረገው ስምምነት አደጋ ሲገጥም የሚጫኑት የጥሪ መሣሪያ በእጃቸው እንዲሰጥ አስፈቀደ። በኅዳር 2024 የተፈረመው የከተማይቱ ሕግ ደግሞ ይህንኑ መሣሪያ ለሆቴሎች በአጠቃላይ ግዴታ አደረገ፣ ሆቴሎችም ፈቃድ እንዲያወጡ፣ እንግዳ መቀበያቸውም ሌት ተቀን ሰው እንዳይለየው ደነገገ። ለሠራተኛዋ የተደረገው ለእንግዳውም ሆነ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚደውል ሰው የሚያነሣለት ያገኛል።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ሲሆን ያቺ ሠራተኛ፣ መኪና የሚያቆመው ልጅ ወይም እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ሰው ሐበሻ መሆኑ የተለመደ ነው። ከአገር ቤት የመጣ ብቸኛ እንግዳ በሠራተኛዋ የስም ካርድ ላይ የታወቀ ስም ሲያይ “እንደምን አደርሽ እህቴ” ይላል፤ ከዚያ በኋላ የት ጥሩ ክትፎ እንዳለ ለማወቅ ኮንሲየርዥ አያስፈልገውም።

ለጽዳት ሠራተኛ ጉርሻ በአሜሪካ በየሌሊቱ ከሁለት እስከ አምስት ዶላር፣ ከፍ ባለው ሆቴል ከዚያም በላይ ይተዋል። ብዙ እንግዳ የሚያስቀምጠው በሚወጣበት ቀን በአንድነት ነው። ሠራተኞቹ ግን በየቀኑ ሊቀያየሩ ስለሚችሉ አምስቱን ቀን ያጸዳችው አንዷ፣ ገንዘቡን የምታገኘው ሌላዋ ትሆናለች። በየጠዋቱ ጠረጴዛው ላይ፣ “ለጽዳት ሠራተኛ” የሚል ወረቀት አብሮ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ወረቀቱ ከሌለ እንግዳው የረሳው ገንዘብ ይመስላቸውና አይነኩትም።